አዲስ አሰልጣኝ ቡድኑን ከየት ያምጣ? የአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል አራት መንገዶች ሲነጻጸሩ

አሰልጣኝ ሌን ኪፊን ከኦል ሚስ (ከሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ) ተነስቶ ኤልኤስዩን (ሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲን) እንደሚይዝ የታወቀው እሁድ ኖቬምበር 30 ቀን 2025 ነው። የሀይስኩል ተጫዋቾች ፊርማ የሚጀመረው ረቡዕ ዲሴምበር 3 ነበር። የዝውውሩ በር ደግሞ ጃንዋሪ 2 ተከፍቶ ጃንዋሪ 16 ይዘጋ ነበር። በዚህ መሀል ረዳት አሰልጣኞች መቅጠር አለ። የነበሩትን ልጆች ማነጋገር አለ። ገንዘብ ከሚሰጡት ሰዎች ጋር መቀመጥ አለ። ሰውዬው የሚያድርበትን ቤት ሳያገኝ ቡድን ሊሠራ ነው።

(ፉትቦል ስል የአሜሪካኑን፣ ሞላላዋን ኳስ ማለቴ ነው። ቀኖቹም በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ድሮ አዲስ አሰልጣኝ ሲመጣ “ሦስት አራት ዓመት ስጡት፣ የራሱን ልጆች ያሳድግ” ይባል ነበር። ትራንስፈር ፖርታል የሚባለው መዝገብ በኦክቶበር 2018 ሲጀመርም ብዙ ሰው ልብ አላለውም። ስሙን ያስገባ ተጫዋች ከሌሎች ትምህርት ቤቶች ጋር ያለ ፈቃድ መነጋገር ይችላል፤ ይኸው ነበር። ነገሩ የተገለበጠው በ2021 ነው። በዚያ ዓመት የተዛወረ ልጅ ለመጀመሪያ ዝውውሩ አንድ ዓመት ቁጭ ማለት ቀረለት። ጁላይ ላይ ደግሞ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ተፈቀደ። በ2024 ትምህርቱን እስካሟላ ድረስ ስንቴም ቢዛወር ወዲያው መጫወት ቻለ። በ2025 ሀውስ በሚባለው የፍርድ ቤት ስምምነት ትምህርት ቤቶቹ ራሳቸው በቀጥታ መክፈል ጀመሩ። የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያ በአንድ ትምህርት ቤት ወደ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነው፣ የሁሉም ስፖርት ተደምሮ።

ቡድን በሁለት ሳምንት መቀየር ከተቻለ፣ ለአሰልጣኙ የሚሰጠውም ጊዜ አጠረ። ዩሲኤልኤ ዲሾን ፎስተርን ያሰናበተው በሁለተኛ ዓመቱ ሦስት ጨዋታ እንደተጫወተ ነው። የውል ማፍረሻውም ማንንም አላስፈራም። ቴክሳስ ኤንድ ኤም በ2023 ጂምቦ ፊሸርን ለማሰናበት ከ75 ሚሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ተሸክሟል። ኤልኤስዩ በ2025 ብራያን ኬሊን ሲያባርር ያለበት ወደ 54 ሚሊዮን ነበር። ስለዚህ አዲሱ ሰው ገና ሥራ ሲጀምር ሰዓቱ እየቆጠረበት ነው። ዋናው ጥያቄ የመጀመሪያ ቡድኑን ከየት ያምጣ የሚለው ነው። ይህን የሚወስኑት አሰልጣኙና የአትሌቲክስ ዳይሬክተሩ ናቸው። ግን ቲኬት የሚገዛው ደጋፊና ልጁ እዚያ የሚጫወትለት ወላጅም ምን እየተገዛ እንደሆነ ማወቅ አለባቸው።

በምን እንመዝናቸው?

አንደኛው ጊዜ ነው። መንገዱ ድል የሚያመጣው በመጀመሪያው ሲዝን ነው ወይስ በሦስተኛው?

ሁለተኛው ገንዘብ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። እንደ አውሮፓ እግር ኳስ የዝውውር ሂሳብ የሚባል ልማድ የለም። ልጁ ሲሄድ ያሳደገው ትምህርት ቤት ባዶ እጁን ነው የሚቀረው። አንዳንዶቹ ውል ውስጥ ማፍረሻ መጻፍ ጀምረዋል እንጂ ገና ጅምር ነው። ስለዚህ ተጫዋች ማጣት ራሱ ወጪ ነው፣ በደረሰኝ ባይታይም።

ሦስተኛው ትውውቅ። ተጫዋቹ የአሰልጣኙን አጨዋወት ያውቃል? አሰልጣኙስ ልጁ ሲመራም ሲመራበትም ምን እንደሚያደርግ አይቷል? እኔ ከሁሉም አስበልጬ የማየው ይህንን ነው። ምክንያቱን ወደ ታች ታዩታላችሁ።

አራተኛው፣ ከዓመት በኋላ ምን ይተርፋል? የመጨረሻ ዓመቱን የሚጫወት ልጅ ዘንድሮ ቢያሸንፍልህም ለከርሞ የለም።

አንደኛ፦ ጠራርጎ መጀመር

ምሳሌው ኮሎራዶ ነው። በ2022 ቡድኑ 1 አሸንፎ 11 ተሸነፈ። ዲሴምበር ላይ ዲዮን ሳንደርስ ከጃክሰን ስቴት መጣ። ከልጆቹ ጋር ያደረገው የመጀመሪያ ስብሰባ በቪዲዮ ተቀርጿል። ጓዙን ይዞ እንደመጣ ነገራቸው፤ ሻንጣው ሉዊ ቪቶን የሚባለው ውድ ማርክ እንደሆነም አልረሳም። ፖርታል ግቡ አላቸው፣ ፊት ለፊት። ልጆቹ ወንበር ላይ ተቀምጠው ዝም ብለው ይሰማሉ። እውነቱን ስለነገራቸው ያደነቁት አሉ። እኔ ግን ያንን ቪዲዮ ሳይ የማስበው ወላጆቻቸውን ነው።

በዚያ ዓመት ከ50 በላይ ተዘዋዋሪ ገባ። የ2023 ሲዝን ሲጀመር ባለፈው ዓመት ለፍጻሜ የደረሰውን ቲሲዩን 45 ለ 42 አሸነፉ። ሦስቱን የመጀመሪያ ጨዋታዎች ወሰዱ። አገር ጉድ አለ። ከዚያ 4 አሸንፈው 8 ተሸንፈው ጨረሱ። በ2024 9 አሸንፈው 4 ተሸነፉ፣ ትራቪስ ሀንተርም የሄይስማን ሽልማትን (የዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች የሚያገኘውን) ወሰደ። በ2025 ሀንተርና ሸዱር ሳንደርስ ወደ ኤንኤፍኤል (ወደ ፕሮፌሽናሉ ሊግ) ሄዱ፤ ቡድኑ 3 አሸንፎ 9 ተሸነፈ።

አሁን አስተውሉ። ያንን ቡድን የተሸከሙት ሁለቱ ልጆች ከገበያ የተለቀሙ አይደሉም። ሀንተርም ሸዱርም ከጃክሰን ስቴት ከሳንደርስ ጋር የመጡ ናቸው፤ ሸዱር እንዲያውም የገዛ ልጁ ነው። ከሃምሳው ይልቅ የሠራው የሁለቱ ትውውቅ ነው።

ሌላው ምሳሌ ኖርዝ ካሮላይና ነው። ቢል ቤሊቼክ በኤንኤፍኤል በዋና አሰልጣኝነት 6 ሱፐር ቦውል (የሊጉን ዋንጫ) የበላ ሰው ነው። በኮሌጅ ግን አሠልጥኖ አያውቅም። ስለዚህ ይዞት የሚመጣ የኮሌጅ ቡድን አልነበረውም። በ2025 ወደ 70 የሚጠጋ አዲስ ፊት ሰበሰበ። የመጀመሪያውን ጨዋታ በቲሲዩ 48 ለ 14 ተሸነፈ። ሲዝኑን 4 አሸንፎ 8 ተሸንፎ ዘጋ። ፐርዱም በዚያው ዓመት በአዲሱ አሰልጣኝ ባሪ ኦዶም ስር በብዙ ተዘዋዋሪዎች ጀምሮ 2 አሸንፎ 10 ተሸነፈ። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ማለት ይህ ነው።

ታዲያ ይህ መንገድ ጭራሽ አይረባም? ይረባል፣ አንድ ቦታ ላይ። ቡድኑ ሞቷል፣ ስታዲየሙ ባዶ ነው፣ ሰው ወሬውን እንኳን ትቶታል ከተባለ ቢያንስ ያነቃዋል። ኮሎራዶ በቲኬትና በቴሌቪዥን በኩል ያገኘውን ማንም አይክድም። ለማሸነፍ ግን ርካሽ መንገድ አይደለም።

ሁለተኛ፦ ከነጓዙ መምጣት

ከርት ሲግኔቲ ኢንዲያናን ሲይዝ፣ በ2023 መጨረሻ፣ ቡድኑ 3 አሸንፎ 9 የተሸነፈ ነበር። ኢንዲያና በፉትቦል በሽንፈት ብዛት ነበር የሚታወቀው፤ የቅርጫት ኳስ አገር ነው። ከጄምስ ማዲሰን፣ ከቨርጂኒያዋ ሃሪሰንበርግ፣ 13 ተጫዋች አስከትሎ መጣ። የማጥቃትና የመከላከል አስተባባሪዎቹን ማይክ ሻናሃንንና ብራያንት ሄንስንም አብሮ አመጣ። ይህ ሁለተኛው ነገር ብዙ ጊዜ ይረሳል። ልጆቹ አዲስ ከተማ ገቡ እንጂ አዲስ ቋንቋ አልተማሩም። የጨዋታው ጥሪ፣ የልምምዱ ሰዓት፣ የሚቆጣው ሰው፣ ሁሉም ያው ነው።

ውጤቱን ታውቁታላችሁ። በ2024 11 አሸንፎ 2 ተሸንፎ ፕሌይኦፍ (የአገሪቱ ሻምፒዮን የሚለይበት ጥሎ ማለፍ) ገባ። በ2025 አንድም ሳይሸነፍ 16 ጨዋታ አሸንፎ፣ ጃንዋሪ 19 ቀን 2026 ማያሚን 27 ለ 21 ረትቶ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ።

የጄምስ ማዲሰን ልጆች በሁለተኛውም ዓመት ነበሩ። ግማሽ ፍጻሜው ላይ ኦሪገን የመጀመሪያውን ኳስ ሲወረውር ዲአንጄሎ ፖንድስ ቀምቶ ታችዳውን (ባለ ስድስቱን ነጥብ) አደረገው። ጨዋታው እዚያው አለቀ ማለት ይቻላል፤ 56 ለ 22 ነው የተጠናቀቀው። በፍጻሜው ደግሞ የማያሚን ፐንት (ኳሱን አርቆ የመስጠት ምት) አግዶ ታችዳውን እንዲቆጠር ያደረገው ማይኬል ካማራ ነው። ሁለቱም ሀይስኩል እያሉ የትልልቆቹ ትምህርት ቤቶች ምርጫ አልነበሩም።

ሲግኔቲ ከገበያም ወስዷል፣ ይህ አይካድ። በ2025 ሄይስማንን የወሰደው ኳርተርባክ (ማጥቃቱን የሚመራው ኳስ ወርዋሪ) ፈርናንዶ ሜንዶዛ ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ነው። ከሱ በፊት የነበረው ከርቲስ ሩርክ ከኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ ነው። ግን የሚመርጥበት መንገድ አንድ ነው። ሜዳ ላይ ያሳየውን ያያል እንጂ ሀይስኩል ሳለ ስንት ኮከብ ተሰጥቶት ነበር አይልም። መሠረቱን በሚያውቃቸው ጣለ፣ ክፍተቱን በተፈተኑ ሰዎች ሞላ።

ችግሩ ምንድን ነው? አንደኛ፣ ይዞ ለመምጣት የሚያዝ ነገር መኖር አለበት። ከኤንኤፍኤል ወይም ከረዳትነት የሚመጣ ሰው ይህ የለውም። ሁለተኛ፣ ልጆቹ ከታችኛው ሊግ ከሆኑ ጉልበታቸው ላይኛው ሊግ ላይ ይበቃል ወይ የሚለው ቁማር ነው። ለሲግኔቲ ሠራ፣ ለሁሉም ይሠራል ማለት አይደለም። ሦስተኛ፣ የተወሰደበት ትምህርት ቤት አለ። ጄምስ ማዲሰን ግን ቦብ ቼስኒን ቀጥሮ በ2025 12 አሸንፎ ፕሌይኦፍ ደረሰ። ከዚያ ቼስኒን ዩሲኤልኤ ወሰደው፣ እነሱም ፍሎሪዳ ያባረረውን ቢሊ ናፒየርን ቀጠሩ። ወንበሩ እንዲህ ነው የሚዞረው።

ሦስተኛ፦ ያለውን ማቆየት

ይህ መንገድ ወሬ አይወጣውም። ማንም ሰው “ስምንት ልጆች አልሄዱም” ብሎ አርዕስት አይጽፍም። ለኔ ግን ከሁሉም የተናቀው ይህ ነው።

የአላባማው አሰልጣኝ ኒክ ሴባን ጃንዋሪ 10 ቀን 2024 ጡረታ ወጣ። አላባማ በሁለተኛው ቀን ኬለን ዲቦርን ከዋሽንግተን ወሰደ። ዋሽንግተን ጄድ ፊሽን ከአሪዞና ወሰደ። አሪዞና ብሬንት ብሬነንን ከሳን ሆዜ ስቴት ወሰደ። በየደረጃው የልጆቹ በር ተከፈተ። ከአላባማ ኬለብ ዳውንስ ወደ ኦሃዮ ስቴት ሄደ። ኬደን ፕሮክተር ወደ አይዋ ሄዶ ቆየና ተመልሶ መጣ። ዲቦር ከዚህ ሁሉ በኋላ በመጀመሪያ ዓመቱ 9 አሸንፎ 4 ተሸነፈ። ሌላ ቦታ ድግስ ይደገስለት ነበር። አላባማ ግን “ምን ነካቸው?” ተባለ።

ይበልጥ የሚያስተምረው አሪዞና ነው። ኳርተርባኩ ኖዋ ፊፊታና ሪሲቨሩ (ኳስ ተቀባዩ) ቴታይሮአ ማክሚላን ከሀይስኩል ጀምሮ አብረው የተጫወቱ ጓደኛሞች ናቸው። ሁለቱም አንሄድም አሉ። ደጋፊው ዕልል አለ። ግን ሌሎች ጥሩ ልጆች ፊሽን ተከትለው ወደ ዋሽንግተን ሄደው ነበር። በ2023 10 ያሸነፈው ቡድን በ2024 4 አሸንፎ 8 ተሸነፈ። ኮከቦቹን ማቆየት ብቻውን አይበቃም፤ በመስመር ላይ የሚታገሉት ስማቸው የማይጠራ ልጆች ናቸው ጨዋታ የሚያሸንፉት። ብሬነን በዚያ ዓመት መባረር ነበረበት ያሉ ብዙ ነበሩ። ትምህርት ቤቱ ታገሠ። ፊፊታም ቆየ። በ2025 9 አሸንፈው 4 ተሸነፉ።

ማቆየት የሚሻለው ደግሞ ከውስጥ ሰው ሲሾም ነው። ኪፊን ሲሄድ ኦል ሚስ የመከላከል አስተባባሪውን ፒት ጎልዲንግን አስቀመጠ፤ ቡድኑ ጆርጂያን አሸንፎ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰ። የፎስተር ጉዳይ ግን እንዳይረሳ። እሱም የዩሲኤልኤ የቀድሞ ተጫዋችና የውስጥ ሰው ነበር። የሚቆይ ነገር ከሌለ ማቆየት ምን ያደርጋል?

አራተኛ፦ ከታች ማሳደግ

እዚህ ብዙ አልቆይም፤ ለአዲስ አሰልጣኝ ብቻውን የሚሆን መንገድ አይደለም። ዳቦ ስዊኒ በክሌምሰን ሁለት ጊዜ የአገሪቱን ዋንጫ ወስዷል። ለዓመታት ፖርታሉን አልነካም ብሎ ኖረ። በ2024 አንድም ተዘዋዋሪ ሳያስገባ የኤሲሲ (ክሌምሰን የሚጫወትበት ሊግ) ሻምፒዮን ሆነ። በ2025 ግን ከምርጦቹ አንዱ ይሆናል ተብሎ 7 አሸንፎ 6 ተሸነፈ። እሱ ያንን የሚችለው ሁለት ዋንጫ ቁም ሳጥን ውስጥ ስላለው ነው። አዲስ ሰው 18 ዓመት ልጅ አስፈርሞ 21 እስኪሞላው ማን ይጠብቀዋል? የጦር አካዳሚዎች ብቻ ይህንን አጥብቀው ይዘዋል። አርሚ በ2024 12 ጨዋታ አሸንፏል። ግን እዚያ ልጁ የሚፈርመው ለአገልግሎትም ጭምር ነው።

ባጭሩ

| መንገድ | ድል የሚመጣበት ጊዜ | ገንዘብ | ትውውቅ | ለከርሞ የሚተርፍ | ምሳሌ |
|---|---|---|---|---|---|
| ጠራርጎ መጀመር | አይታወቅም፤ ሎተሪ ነው | ብዙ | ዝቅተኛ | ትንሽ | ኮሎራዶ፣ ኖርዝ ካሮላይና |
| ከነጓዙ መምጣት | አንደኛ ዓመት | መካከለኛ | ከፍተኛ | ጥሩ፣ ወጣት ከሆኑ | ኢንዲያና |
| ያለውን ማቆየት | አንደኛ ወይም ሁለተኛ ዓመት | ብዙ፣ ግን ከመግዛት ያነሰ | መካከለኛ | ጥሩ | አሪዞና፣ ኦል ሚስ |
| ከታች ማሳደግ | ሦስተኛ ዓመትና ከዚያ በኋላ | ትንሽ | ከፍተኛ፣ ግን ዘግይቶ | በጣም ጥሩ፣ ካልተነጠቁ | ክሌምሰን፣ አርሚ |

ለማን የትኛው?

ገንዘቡ ትንሽ፣ ቡድኑም ደካማ ከሆነ፦ ከታችኛው ሊግ ሲያሸንፍ የኖረ ዋና አሰልጣኝ ፈልጉ፣ ከነረዳቶቹ ውሰዱት። ለሱ ደመወዝ ከመጨመር በፊት ለረዳቶቹ የሚሆን ገንዘብ ይያዝ። ትልቅ ስም ያለው አስተባባሪ ብቻውን ሲመጣ ገበያ ወጥቶ መግዛት ግድ ይሆንበታል።

ገንዘቡም ቡድኑም ጥሩ ከሆነ፣ ግን አሰልጣኙ በድንገት ከሄደ፦ ከውስጥ የሚሆን ሰው ካለ እሱን አስቡ። ከውጭ ከመጣም የመጀመሪያ ሳምንቱን ለግዢ አያውለው። አሁን ባለው ሕግ የነባሮቹ ተጫዋቾች የ15 ቀን በር የሚከፈተው አዲሱ አሰልጣኝ ከተሾመ አምስት ቀን በኋላ ነው። እነዚያ አምስት ቀናት ወርቅ ናቸው። ከኳርተርባኩ በፊት ከመስመር ተጫዋቾቹ ጋር ይቀመጥ።

ገንዘብ ሞልቶ ቡድን ከሌለ፦ ኢንዲያናን ምሰሉ እንጂ ኮሎራዶን አትምሰሉ። ፔን ስቴት ማት ካምቤልን ከአይዋ ስቴት ሲያመጣ ኳርተርባኩ ሮኮ ቤክትም ተከትሎታል። ሐሳቡ ገብቷቸዋል ማለት ነው።

ከኤንኤፍኤል የሚመጣ አሰልጣኝ የምትቀጥሩ ከሆነ፦ በኮሌጅ የቆዩ ረዳቶች ካልያዘ ይቅርባችሁ። ውሉ ላይ ሦስት ዓመት እንደምትታገሡት ካልጻፋችሁ ደግሞ መጀመሩም አያስፈልግም።

ለደጋፊው አንድ ነገር ብቻ። ጃንዋሪ ላይ ስንት ተጫዋች መጣ ብላችሁ አትቁጠሩ። ከመጡት ውስጥ ከዚህ በፊት ለዚህ አሰልጣኝ የተጫወቱት ስንት ናቸው ብላችሁ ቁጠሩ። ሴፕቴምበር ላይ የምታዩት ያንን ነው።

ወላጆችም አላችሁ። ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድ፣ ቴክሳስ፣ ሚኒሶታ ያሉ የሐበሻ ልጆች በየሀይስኩሉ ሜዳ ላይ ይታያሉ፤ ኮሌጅ የሚደርስም አይጠፋም። የልጃችሁ አሰልጣኝ ቢቀየርና “እኔም ልሂድ” ቢላችሁ በስሜት እሺም እምቢም አትበሉት። ስሙ ፖርታል ውስጥ ከገባ ትምህርት ቤቱ ስኮላርሺፑን የማስቀጠል ግዴታ የለበትም። ቦታ ሳያገኝ የሚቀር ልጅ ብዙ ነው። አዲሱን አሰልጣኝ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁት፦ በልጄ ቦታ ስንት ሰው ልታመጣ ነው? ከነሱ ውስጥ ካንተ ጋር የተጫወተ አለ? ካለ፣ ልጃችሁ ወረፋ ሁለተኛ ነው ማለት ነው፣ አሰልጣኙ ምንም ቢል።

ቀጥሎ ወደ ትምህርት ክፍሉ ሂዱ። ሕጉ ልጁ ሁለተኛ ዓመቱን ሲጨርስ የዲግሪውን 40 በመቶ፣ ሦስተኛውን ሲጨርስ 60፣ አራተኛውን ሲጨርስ 80 በመቶ እንዲያጠናቅቅ ይጠይቃል። ክሬዲቱ አዲሱ ትምህርት ቤት ላይ ካልተቆጠረለት፣ ኳስ ቢችልም ሜዳ አይገባም። የትኛው ኮርስ እንደሚያልፍለት በጽሑፍ ያስመጣ፣ ከዚያ ይፈርም።